በማን ቤት ያደረ ልጅ

ጉለሌ ውስጥ፣ ከቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ብዙም ሳይርቅ፣ የታክሲ ረዳቶች «ዊንጌት! ዊንጌት!» እያሉ የሚጠሩት ሰፈር አለ። ኦርድ ዊንጌት እንግሊዛዊ መኮንን ነበር። በ1941 ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር ከሱዳን ተነሥቶ በጎጃም በኩል የገባውን የጌዴዎን ጦር መራ፤ በ1944 በበርማ ዘመቻ ላይ ሳለ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዘመኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) ከሞተ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1946፣ ትምህርት ቤት ተከፍቶ በስሙ ተጠራ። የብሪቲሽ ካውንስል እጅ ያለበት፣ ብዙዎቹ መምህራን እንግሊዞች የነበሩበት፣ ከየጠቅላይ ግዛቱ በትምህርታቸው የተመረጡ ልጆች የሚገቡበት አዳሪ ትምህርት ቤት ነበር። የጄኔራሉ ስም ዛሬ የሰፈር ስም ሆኗል። እኔ ማንሣት የምፈልገው ግን ከስሙ አጠገብ የቆመውን «አዳሪ» የተባለውን ቃል ነው፤ ምክንያቱም በአማርኛ የአንድ ልጅ ጉርምስና ስንት ዓመት እንደሚቆይ የሚወስነው፣ ልጁ በማን ቤት እንደሚያድር ነው ብዬ አምናለሁ። ቃላቱም ይህንኑ ይመሰክራሉ።

«አደረ» ከግእዙ «ኀደረ» ይወርዳል። ኀደረ ማለት ተቀመጠ፣ ኖረ፣ መኖሪያ አደረገ ማለት ነው። «ማኅደር» ከዚሁ ይወጣል፤ በመጀመሪያ ማደሪያ፣ ቀጥሎ የብራና መጽሐፍ የሚገባበት የቆዳ ማኅደር፣ ዛሬ ደግሞ በየመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ቤት የሚቀመጠው የሠራተኛ የግል ማኅደር ሆኗል። አማርኛ ኀን አቅልሎ አ ሲያደርገው ትርጉሙንም ወደ ሌሊት አጠበበው፤ አደረ ማለት ሌሊቱን አሳለፈ ማለት ሆነ። ከሌሊቱ ደግሞ ወደ ሰው ተሻገረ። «እገሌ ለራስ እገሌ አደረ» ሲባል አገልጋዩ ሆነ፣ ሰውነቱን ሰጠው ማለት ነው። ለአገልጋይና ለወታደር በደሞዝ ፈንታ የሚሰጠው መሬት «ማደሪያ» ይባል ነበር። ወታደር ራሱ «ወጥቶ አደር» ነው፤ ከቤቱ ወጥቶ በጌታው ሰፈር የሚያድር። አስተዳዳሪው፣ መተዳደሪያው፣ ትዳሩም ከዚሁ ግንድ የበቀሉ ናቸው። በስድብ በኩልም ሆድ አደርና አድርባይ አሉ። አንድ ግሥ ቤቱን፣ ጋብቻውን፣ መንግሥቱን፣ ሎሌነቱንና ክህደቱን ጠቅልሎ ከያዘ፣ «አዳሪ ተማሪ» የሚለውም ስም ስለ አልጋና ስለ ምግብ ብቻ ሊናገር አይችልም። የት ታድራለህ ብሎ መጠየቅ የማን ሰው ነህ ብሎ መጠየቅ ነበርና።

ከዊንጌት በፊት የነበረው አዳሪ ትምህርት ቤት ቤተ መንግሥቱ ነበር። መኳንንት ልጆቻቸውን ወደ ግቢ ይሰዳሉ፤ ልጆቹ እየተላላኩ፣ እልፍኝ ውስጥ እየቆሙ፣ ወግና ሥርዓት እየተማሩ ያድጋሉ። ስማቸው «ብላቴና» ነበር። ብላቴና ዛሬ ለጆሯችን ታዳጊ ልጅ ማለት ብቻ ነው፤ በግቢ ቋንቋ ግን የንጉሡን ቤት የሚያገለግል ልጅ ማለትም ነበር፤ የብላቴኖቹ አለቃ ደግሞ «ብላቴን ጌታ»። ወደዚህ ቤት ሁሉም በአንድ በር አልገባም። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ በልጅነታቸው በጦርነት ተማርከው የመጡ ናቸው፤ ደጃዝማች ባልቻ ሳፎም እንዲሁ ከጦር ሜዳ የተወሰዱ ልጅ ነበሩ። ሁለቱም በምኒልክ ቤት አደሩ፣ ለምኒልክ አደሩ፣ በአገሪቱ ታሪክ ላይም ከባላባት ልጆች በላይ ስማቸው ጎላ። የብላቴን ጌታነት ማዕረግ ወደ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ሲደርስ ደግሞ የብላቴኖች አለቅነት ትርጉሙ ደብዝዞ የሊቅ ሰው ክብር ሆኗል። ቤታቸው ጉለሌ የነበረው ኅሩይ የመርሐ ቤቴ ልጅ ነበሩ፤ ያወጣቸውም ዘር ሳይሆን የቤተ ክርስቲያን ትምህርትና ብዕራቸው ነው። ልጆቻቸውን ግን ወደ ውጭ ልከው በእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች አስተማሩ፤ ሲራክ ኅሩይ በኦክስፎርድ ተምሮ የሳሙኤል ጆንሰንን ራሴላስ ወደ አማርኛ መለሰ። አባት በየኔታ እግር ሥር፣ ልጅ በኦክስፎርድ። በአንድ ትውልድ ውስጥ የማደሪያው ቤት እንዲህ ተለወጠ።

የኔታን ካነሣሁ ስለ ቆሎ ተማሪ ሳልናገር አላልፍም፤ የአገራችን ጥንታዊ አዳሪ እሱ ነውና። አሥርና አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላው ከእናቱ ቤት ይወጣል፤ አንዳንዱ ተመርቆ፣ አንዳንዱ ጠፍቶ። ደበሎውን ይደርባል፣ አኮፋዳውን ያነግታል፣ ብዙ አገር አቋርጦ መምህር ያለበት ደብር ይደርሳል። ቀን ቀን «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ይለምናል፤ ውሻ ይነክሰዋል፤ ያገኘውን ቁራሽ ከጓደኞቹ ጋር ይካፈላል፤ ማታ በሣር ጎጆው በጭላንጭል ብርሃን የቃሉን ይከልሳል። እዚህ ላይ ትልቅ የማከብረው ነገር አለ። የደጃዝማች ልጅም ቢሆን ደበሎ ለብሶ ይለምን ነበር። ልመናው ለትምህርቱ ከሚከፈለው ዋጋ አንዱ ስለነበር፣ ሀብታምና ድሃ በዚያ ዕድሜ በአንድ ስም ይጠሩ ነበር፤ ተማሪ። የቆሎ ተማሪው ለማንም ጌታ አላደረም። ቤቱ የሣር ጎጆ ነው፤ ጌታዬ የሚለው መምህሩን ብቻ ነው፤ «የኔታ» የሚለው ስምም «የኔ ጌታ» አጥሮ የተገኘ ነው።

አሁን ወደ ዕድሜው ስሞች እንምጣ። አማርኛ በሕፃንነትና በአዋቂነት መካከል ያለውን ጊዜ የሚጠራባቸው ቃላት ብዙ ናቸው፤ ጎረምሳ፣ ኮረዳ፣ ጉብል፣ ብላቴና፣ ልጃገረድ፣ ለጋ፣ አፍላ። በባላገሩ ቤት ግን ሕይወቱ እነዚህን ስሞች የሚያስተናግድበት ጊዜ አልነበረውም። ልጁ በስድስትና በሰባት ዓመቱ ጥጃ ጠባቂ ነው፤ ከዚያ እረኛ፤ ክንዱ ሲጠና ሞፈር ይጨብጣል፤ ቀጥሎ ጎጆ ይወጣል። ከእረኝነት ወደ ጎጆ መውጣት ያለው መንገድ አጭር ነው፤ በመካከሉ አባቱ ትከሻውን አይቶ «ጎረመሰ» ይላል፣ በዓመቱ በሬ ይጠምድለታል። ጎረምሳ ማለት ድምፁ የጎረነነ፣ ጉልበት የወጣው፣ ገና ያልተገራ ወንድ ነው። በኦሮምኛ «ጎሮምሳ» ያልወለደች ጊደር ናት። መመሳሰሉ ብቻውን የቃላቱን ዝምድና አያረጋግጥም፤ ሆኖም ጉለሌ የሚለው ስም ራሱ አዲስ አበባ ሳትቆረቆር እዚያ ይኖር የነበረ የቱለማ ኦሮሞ ጎሣ ስም ነውና፣ ሁለቱ ቋንቋዎች በአንድ መስክ ከብት ሲያግዱ የኖሩ መሆናቸውን ማስታወስ ይገባል። አማርኛም ቢሆን ወጣቱን «ወይፈን» ይለዋል። የእረኛ ቋንቋ ዕድሜን የሚለካው በከብት ነው።

ከላይ ባለው ቤት ግን ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ «ልጅ» ማዕረግ ነው። ልጅ ኢያሱ ዘውድ ሳይጭን ልጅ ተብሎ አገር ገዛ፣ ልጅ እንደተባለ ከዙፋን ወረደ፣ ልጅ ተብሎ ሞተ። በ1974 አብዮቱ ሲፈነዳ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው የተሾሙት ልጅ እንዳልካቸው መኮንን ነበሩ፤ እሳቸው በሐምሌ ሲወርዱ ልጅ ሚካኤል እምሩ ተተኩ። እንዳልካቸው በኦክስፎርድ የተማሩ፣ በተባበሩት መንግሥታት አገራቸውን የወከሉ፣ ወደ ሃምሳ ዓመት የተጠጉ ሰው ነበሩ። የማዕረግ ስማቸው ግን ልጅ ነበር። በዚያው ዓመት በአንድ ደጋ ውስጥ አሥራ አምስት ዓመት የሞላውን አራሽ «ልጅ» ብሎ የሚጠራው የለም፤ ግብር ከፋይ ነው፣ ባል ነው፣ አባትም ሊሆን ይችላል። ይህን ሳስብ ሆዴ ያዝናል። ልጅነት ለአንዱ እስከ ሽበት የሚዘልቅ ርስት ነበር፤ ለሌላው በአንድ የክረምት እርሻ የሚያልቅ።

ዊንጌት ምን አደረገ ብባል፣ ጉርምስናን አከፋፈለ ብዬ እመልሳለሁ። ኮተቤ ላይ በ1943 የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትም፣ ቀድሞ የነበረው ተፈሪ መኮንንም ይህን ሥራ ሠርተዋል። ከወለጋ፣ ከትግራይ፣ ከሐረርጌ፣ ከጎጃም በውጤቱ ተመርጦ የመጣ ልጅ፣ አገሩ ቢቀር ሞፈር በሚጨብጥበት ዕድሜ፣ ጉለሌ ላይ ደብተር ይዞ ተቀመጠ። ቀለቡን መንግሥት ቻለለት። «ቀለብ» የሚለውም ቃል ከጌታና ከሎሌ ሥርዓት የመጣ ነው፤ ቀለብ የሚሰፍር አለ፣ የሚሰፈርለት አለ። ሰፋሪው አሁን መንግሥት ሆነ። መለስ ዜናዊ ከዓድዋ ንግሥተ ሳባ ትምህርት ቤት ተነሥተው ዊንጌት የገቡት በትምህርታቸው ነጻ ዕድል አግኝተው ነው፤ በ1972 ጨርሰው ወደ ዩኒቨርሲቲ ሄዱ።

በዚህ ግቢ የሀብታምና የድሃ ልጅ ልዩነት በትንንሽ ነገሮች ይታይ እንደነበር ማንም አዳሪ ሆኖ ያለፈ ሰው ያውቀዋል። የብረት ሳጥኑ አለ፤ በአልጋ ሥር የሚገፋ፣ ቁልፉ በአንገት የሚንጠለጠል። የአንዱ ሳጥን ሲከፈት ሳሙናው፣ የተተኮሰው ሸሚዝ፣ ከቤት የተላከው ብር አለ። የሌላው ሲከፈት እናቱ በጨርቅ ቋጥራ የሰጠችው በሶና ዳቦ ቆሎ፣ ከሥሩ ደግሞ ሲወጣ የለበሰው ጋቢ። «ስንቅ» ይሉታል። ስንቁ እስኪያልቅ ልጁ የእናቱ ቤት ልጅ ነው፤ ካለቀ በኋላ የትምህርት ቤቱ ነው። ዕረፍት ሲሆን የአዲስ አበባው ልጅ በመኪና ይወሰዳል፤ አገሩ ሩቅ የሆነው እዚያው ይከርማል። ተማሪው ሁሉ አንድ ጣሪያ ሥር ቢያድርም፣ ከጣሪያው ውጭ ሌላ ቤት ያለውና የሌለው ይለይ ነበር።

ለልጆቹ ሁሉ የተሰጣቸው ትልቁ ምስጋና «ጨዋ» የሚል ነበር፤ ዛሬም እንደዚያው ነው። የዚህ ቃል ታሪክ ከሁሉ ይደንቀኛል። ግእዙ «ፄዋ» ነው፤ ምርኮ ማለት። ፄወወ ማረከ፤ የእስራኤል ልጆች የባቢሎን ስደት ፄዋዌ ይባላል። በመካከለኛው ዘመን፣ በዐፄ ዓምደ ጽዮንም በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብም ጊዜ፣ ጨዋ የሚባሉ የንጉሡ ጭፍራዎች ነበሩ፤ በየጠረፉ እየሰፈሩ አገር የሚጠብቁ፣ ስማቸውም ከምርኮ የተገኘ። የሰፈረ ጦር መሬት ያገኛል፤ መሬት ያገኘ ዘሩ ይከበራል፤ የተከበረ ዘር ወግ ያበጃል። ምርኮኛው ወታደር፣ ወታደሩ ባለ መሬት፣ ባለ መሬቱ የደኅና ሰው ልጅ፣ የደኅና ሰው ልጅ ትሑት ሆነ። በዚህ ሁሉ መካከል የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ደግሞ ቃሉን በሌላ ፊት ይዘውታል፤ ለእነሱ ጨዋ ማለት ያልተማረ፣ ፊደል ያልቆጠረ ምእመን ነው። ስለዚህ ጨዋ የተባለው ልጅ በአንድ ቋንቋ የተከበረ፣ በሌላው መሃይም ነበር። አዳሪ ትምህርት ቤቱ እነዚህን ሁለት የተራራቁ ትርጉሞች ማስታረቅ ነበረበት፤ የጨዋውን ልጅ ማስተማር፣ የተማረውን የባላገር ልጅ ጨዋ ማድረግ። ሹካ አያያዙ፣ አነጋገሩ፣ በሰልፍ መቆሙ፣ እጅ ሳያወጡ አለመናገሩ ሁሉ የዚህ ሥራ አካል ነበር። እኔ ይህን አልንቅም፤ ሆኖም ጨዋነት ዝም ማለት ተደርጎ ሲተረጎም ስንት ጎበዝ ልጅ ጥያቄውን ውጦ እንደቀረ አስባለሁ።

«ባላገር» እና «ባላባት» በአሠራራቸው መንትያ ናቸው። አንዱ ባለ አገር፣ ሌላው ባለ አባት። አገር ያለው ሰው ስድብ የሆነበት፣ አባት ያለው ሰው ጌታ የሆነበት ቋንቋ ስለ አገሩ ብዙ ይናገራል። ለአዳሪ ቤት ልጅ ይህ የየቀን ጉዳይ ነበር፤ ባላገር መባል ያሳፍራል፣ የማን ልጅ ነህ መባል ያስጨንቃል። ከተማው ራሱ በአራዳ ገበያ ስም «አራዳ» የሚል ቃል አውጥቶ ነበር፤ ቦታ የነበረው ስም ንቃት ሆነ። ሌላው የቦታና የዘር ስም «ሞጃ» ነው። ሞጃ የመንዝ ባላባት ወገን ነበር፤ ዛሬ የአዲስ አበባ ልጆች ሞጃ የሚሉት ሀብታሙን ነው፤ ዘሩ ተረስቶ ገንዘቡ ቀረ። ከዚሁ ከሞጃ ወገን የወጣው ገርማሜ ንዋይ በአሜሪካ ዊስኮንሲንና ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲዎች ተምሮ ተመለሰ፤ ወላይታ ላይ ሲሾም መሬት ለሌላቸው መሬት ሰጠ፤ ወደ ጅጅጋ ተዛወረ፤ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ከወንድሙ ከጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ጋር መፈንቅለ መንግሥት ሞከረ፤ ሕይወቱም በዚያው አለፈ። ባለ አባቱ ለባለ አገሩ ሲል ሞተ ቢባል ከእውነቱ አይርቅም።

ሴቶቹን በተመለከተ ቃሉ ይከብዳል። ስድስት ኪሎ የነበረው የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት በ1931 ተከፈተ፤ ከጣሊያን በኋላ ስንዱ ገብሩ ርእሰ መምህርት ሆነው መሩት፤ በ1957 ደግሞ ለፓርላማ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። እዚያ ያደሩት ልጆች «ልጃገረዶች» ነበሩ። ልጃገረድ ልጅና አገረድ የተጋጠሙበት ነው፤ ገረድ የሚለው ቃል፣ የቤት አገልጋይቱ፣ በውስጡ ተቀምጧል። የመኳንንቱ ሴት ልጅም ሳትቀር በዕድሜዋ ስም ውስጥ አገልጋይነትን ትሸከማለች። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ለወንድ 18፣ ለሴት 15 አደረገ፤ ሁለቱም 18 የሆኑት በ2000 በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው። ስለዚህ በመነን አልጋ ላይ ያደረች አሥራ ስድስት ዓመት የሞላት ልጅ፣ ሕጉ ለማግባት የበቃች ያላትን ዕድሜ ለትምህርት አዋለችው። ማደሪያዋ ዕድሜ ጨመረላት። ያን ጊዜም ሆነ አሁን ግን፣ ሴትና «አዳሪ» በአማርኛ ሲጋጠሙ የሚወጣው የታወቀ ስም «ሴተኛ አዳሪ» ነው። ወንዱ ብቻውን ሲያድር ወታደር፣ ተማሪ፣ ነጋዴ ይሆናል፤ ሴቲቱ ብቻዋን ስታድር ቋንቋው ፈጥኖ የሚያቀብለው ይህን ስም ነው። ይህ ቃል በአባቶችና በእናቶች ጆሮ ውስጥ እያለ ሴት ልጃቸውን ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት ለመስደድ ማመንታታቸው አይገርመኝም።

ከእነዚህ አልጋዎች የተነሣው ትውልድ በ1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብሎ አደባባይ ወጣ። ቃላቱን ልብ በሉ። ፕሮሌታሪያት የሚለውን ወደ አማርኛ ለመመለስ ሲነሡ «ላብ አደር»፣ «ወዝ አደር»፣ «ሠርቶ አደር» አሉ። ገበሬው «አርሶ አደር»፣ ከብት አርቢው «አርብቶ አደር» ሆነ። ሰው በጌታው ስም ይጠራበት የነበረው ግሥ አሁን በሥራው ይጠራበት ጀመር፤ ለእገሌ ያደረ ሳይሆን በላቡ ያደረ። ያን ያሰቡት ሰዎች ብዙዎቹ አዳሪ ሆነው ያደጉ ናቸው፤ የማን ሰው ነህ የሚለውን ጥያቄ በመንግሥት አልጋ ላይ ተኝተው ሲያሰላስሉት የኖሩ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሆነ፤ ባላባት የሚለው ስምም ክስ ሆነ። አብዮተኞቹ እርስ በርሳቸው የተነቃቀፉበት ከባዱ ቃል «አድርባይ» መሆኑም ከዚያው ግንድ ነው። ከ1980 ጀምሮ የወጣው የደርግ ዘመን ጋዜጣ ስሙ «ሠርቶ አደር» ነበር።

የዊንጌት አዳሪነት ከአብዮቱ በኋላ ቀረ፤ ግቢው ዛሬ ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ ነው፤ ተማሪው ብየዳውን፣ ግንባታውን፣ ኤሌክትሪኩን ተምሮ ማታ ወደ ቤቱ በታክሲ ይመለሳል። ቃሉ ግን ሌላ ቦታ ተተክሏል። መቀሌ ቃላሚኖ፣ አዳማ የኦሮሚያ ልማት ማኅበር፣ ደብረ ብርሃን አጠገብ ኃይሌ ማናስ፣ በሌሎችም ክልሎች «ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤት» የሚባሉት አሉ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲነገር ከተፈተኑት መካከል የነጥቡን ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በጥሩ ውጤት ከተጠሩት ትምህርት ቤቶች መካከል አዳሪዎቹ ነበሩበት። «ልዩ» የሚለው ቅጽል ከአዳሪ ጋር የተጣበቀው በእኛ ዘመን ነው። የቆሎ ተማሪው ልዩ አልነበረም፤ እንደ እሱ ያለው በየደብሩ ሞልቶ ነበርና። ዛሬ አንድ የደጋ ልጅ እስከ አሥራ ስምንት ዓመቱ ተማሪ ሆኖ መቆየት፣ በጸጥታ ማጥናት፣ ሦስት ጊዜ መብላት የሚችለው ከተመረጡት ጥቂቶች አንዱ ሲሆን ብቻ ከሆነ፣ እነዚህ በሮች እንዲበዙ እለምናለሁ፤ በተለይ ለሴቶቹ፣ «አዳሪ» ከሚለው ስም አጠገብ «ተማሪ» ብቻ እንዲቆም።